ልብንና ኩላሊትን መመርመር፦ የአካል ስጦታና የማኅበረ ምእመናን ድርሻ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

መግቢያ

«ኩላሊት» የሚለው ቃል በቅዱሳት መጻሕፍት ከአንድ ጊዜ በላይ ይገኛል። ነቢዩ ዳዊት በመዝሙሩ (መዝ. 7፥9)፣ ነቢዩ ኤርምያስ በትንቢቱ (ኤር. 17፥10)፣ ቅዱስ ዮሐንስም በራእዩ (ራእ. 2፥23) እግዚአብሔር የሰውን ልብና ኩላሊት የሚመረምር አምላክ መሆኑን ይመሰክራሉ። በዚህ አነጋገር ኩላሊት ሰው ከሰው የሚሰውረውን፣ ከእግዚአብሔር ግን የማይሰወረውን የውስጥ ሐሳብ ያመለክታል።

በዘመናችን ሐኪሞች ኩላሊትን በደም፣ በሽንትና በራጅ ይመረምራሉ። አንድ ሰው ከሁለቱ ኩላሊቶቹ አንዱን ለወንድሙ ሊሰጥ ሲነሣ ግን የአካሉም የሐሳቡም ምርመራ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የሐኪም ሥራ ነው። በሁለተኛው የንስሐ አባት፣ ቤተሰብና ማኅበረ ምእመናንም ድርሻ አላቸው። ትምህርታችን የሚያተኩረው በዚህ ላይ ነው።

ለጥናታችን እንዲመች አንድ ሁኔታ በሐሳባችን እንሣል። ከውትድርና የተመለሰ፣ ዕድሜው ከሃያዎቹ ያልዘለለ የላስታ ወጣት አለ እንበል። በሰንበት ያስቀድሳል፤ የጽዋ ማኅበርም አለው። ከማኅበሩ አባላት አንዱ፣ ልጆቻቸው ገና ያልደረሱላቸው አባት፣ ሁለቱም ኩላሊቶቻቸው ደክመው አልጋ ይይዛሉ። ወጣቱም ጽዋው በተጠጣበት ዕለት ብድግ ብሎ «እኔ አንዱን እሰጣቸዋለሁ» ይላል። ሽማግሌዎች ያለቅሳሉ፤ እናቶች እልል ይላሉ። እኛስ ምን ልንለው ይገባል?

ኩላሊት ሲደክም

ኩላሊቶቻችን በጀርባችን በኩል፣ በአከርካሪ አጥንት ግራና ቀኝ ይገኛሉ። እያንዳንዳቸው ጭብጥ የሚያህሉ ሲሆኑ ክብደታቸው 150 ግራም ገደማ ነው። ሁለቱ ተባብረው በ24 ሰዓት ውስጥ 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ። የሚጠቅመውን ወደ ደም መልሰው ከ1 እስከ 2 ሊትር የሚሆነውን በሽንት ያስወግዳሉ። የደም ግፊትን ይቆጣጠራሉ፤ ሰውነት ደም እንዲያመርት የሚያነሣሣውን ንጥረ ነገርም ያመነጫሉ።

የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊት፣ የኩላሊት ብግነት እንዲሁም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ የሚወሰዱ የሕመም ማስታገሻዎች ኩላሊትን ቀስ በቀስ ሊያደክሙ ይችላሉ። ሕመሙ ሲጀምር ድምፅ የለውም፤ ብዙዎች የሚያውቁት እግራቸው ሲያብጥ፣ ምግብ ሲያስጠላቸውና ትንፋሽ ሲያጥራቸው ነው። ኩላሊት ፈጽሞ ከደከመ በኋላ ሁለት የሕክምና መንገዶች አሉ፤ እጥበትና ንቅለ ተከላ።

እጥበት (ዲያሊሲስ) በተለመደው ሥርዓት በሳምንት 3 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ 4 ሰዓት ያህል ይወስዳል። ይህም ሕክምናው በሚሰጥበት ከተማ አጠገብ መኖርን ይጠይቃል። ከላስታ ደጋ ለሚነሣ ገበሬ ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ ማሳው ጦም ያድራል፣ በሬው ይሸጣል፣ ቤተሰቡም ለሁለት ይከፈላል። ንቅለ ተከላ ከእነዚህ የማሽን ቀጠሮዎች ያሳርፋል። አዲሱ ኩላሊት የሚተከለው ከሆድ በታች ወደ ብሽሽት በኩል ነው፤ የደከሙት ኩላሊቶች አብዛኛውን ጊዜ ከቦታቸው አይነሡም። ስጦታው ግን ዘላለማዊ አይደለም። ሕክምና በተስፋፋባቸው አገሮች በሕይወት ካለ ሰው የተሰጠ ኩላሊት በአማካይ ከ15 እስከ 20 ዓመት ያገለግላል።

የመጀመሪያው ስጦታና ከእርሱ የምንማረው

በሕይወት ካለ ሰው የተሰጠ ኩላሊት ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀባዩን ለዓመታት ያኖረው ታኅሣሥ 14 ቀን 1947 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 23 ቀን 1954) በአሜሪካ አገር፣ በቦስተን ከተማ፣ በፒተር ቤንት ብሪገም ሆስፒታል በተደረገ ቀዶ ጥገና ነው። ሰጪው ሮናልድ ሄሪክ፣ ተቀባዩ መንትያ ወንድሙ ሪቻርድ ሄሪክ ይባላሉ። ሁለቱም የ23 ዓመት ወጣቶች ነበሩ። ሪቻርድ በአገሩ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ኃይል አገልግሎ የተመለሰ ነበር። የቀዶ ሐኪሞቹ መሪ ዶክተር ጆሴፍ መሪ ስለ ንቅለ ተከላ ማሰብ የጀመሩትም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሠራዊት ሆስፒታል ውስጥ ነበር፤ በእሳት ለተቃጠሉ ወታደሮች ቆዳ ይተክሉ ነበርና። እኚህ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1990 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገሮች ለጥናታችን ይጠቅማሉ።

አንደኛ፤ ሐኪሞቹ ቢላዋ ከማንሣታቸው በፊት የሃይማኖት አባቶችንና የሕግ ባለሙያዎችን አማክረዋል። ጤነኛን ሰው ለራሱ ጤና በማይጠቅም ቀዶ ጥገና ማለፍ ይገባልን? የሚለው ጥያቄ የሐኪም ብቻ አለመሆኑን ተረድተው ነበር።

ሁለተኛ፤ በዋዜማው ሌሊት ሕመምተኛው ሪቻርድ ለወንድሙ ማስታወሻ ልኮ ከሆስፒታሉ ወጥቶ ወደ ቤቱ እንዲሄድ ለመነው። ሮናልድም እንደማይሄድና እዚያው እንደሚቆይ መለሰለት። ሊሞት የተቃረበው ሰው ራሱ ለሰጪው የመመለሻ በር ከፍቶለታል ማለት ነው። ሮናልድ በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ ስለ ቀረ ስጦታው በእውነት የራሱ ሆነ።

ሦስተኛ፤ ሮናልድ ሆስፒታሉ ወደፊት ለጤናው ኃላፊነት ይወስድ እንደ ሆነ ጠይቆ ነበር። ሐኪሙ እንዲህ ያለ የሕግ ዋስትና እንደሌለ ነገሩት፤ ነገር ግን እርዳታ ቢያስፈልገው በዚያ ክፍል ካሉት ሰዎች ማናቸው እምቢ ይሉኛል ብሎ ያስብ እንደ ሆነ መልሰው ጠየቁት። ሰጪው የተማመነው በሰዎቹ ሕሊና ነበር። ሪቻርድ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ኖረ፤ ከአስታማሚ ነርሶቹ አንዷን አግብቶ ልጆች ወለደ። ሮናልድም በአንድ ኩላሊት 56 ዓመት ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2010 በ79 ዓመቱ ዐረፈ።

ያ ቀዶ ጥገና የተሳካው ወንድማማቾቹ ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች ስለ ነበሩና የተቀባዩ ሰውነት አዲሱን ኩላሊት እንደ ባዕድ ስላልተዋጋው ነው። ከዚያ ወዲህ ይህን ውጊያ የሚያበርዱ መድኃኒቶች በመገኘታቸው የደም ዓይነታቸውና ሌላው ምርመራ የተስማማላቸው፣ መንትያ ያልሆኑ ሰዎችም ሊሰጣጡ ችለዋል። ተቀባዩ ግን የተተከለው ኩላሊት እስካለ ድረስ መድኃኒቱን በየቀኑ በሰዓቱ መውሰድ አለበት።

በሀገራችን

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተደረገው በመስከረም ወር 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ነው። በአሜሪካ የሚገኘው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎችን በማሠልጠንና አብሮ በመሥራት ተባብረዋል። ከዚያ በፊት አቅም ያለው ሕመምተኛ ወደ ውጭ አገር ይሄድ ነበር፤ አቅም የሌለው ግን ተስፋ አልነበረውም።

ማዕከሉ ሲጀመር የተመሠረተበት ሥርዓት ኩላሊት ከሥጋ ዘመድ ወይም ከትዳር ጓደኛ እንዲሰጥ ነው። የወንጀል ሕጋችንም የሰውን አካል በዋጋ መነገድን ያስቀጣል። ምክንያቱን ለማስተዋል አያዳግትም፤ አካል ዋጋ ከወጣለት የሚሸጠው ድኻው፣ የሚገዛውም ባለጸጋው ይሆናል። ቤተ ክርስቲያናችን ኅዳር 22 ቀን የምታስባቸው ቅዱሳን ቆዝሞስና ድምያኖስ ሕሙማንን ያለ ዋጋ ያክሙ እንደ ነበር ስንክሳሩ ይነግረናል። ፈውስ የገበያ ዕቃ እንዳይሆን የሚጠብቅ ሕግ ከዚህ ትውፊት ጋር ይስማማል።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ለጉዳያችን የሚሆን ጥበብ አለው። በአንቀጽ 18 ሰው በአካሉ ሙሉነት ላይ ከባድ ጉዳት በሚያደርስ አኳኋን አካሉን እንዳይሰጥ ይከለክላል፤ በሕክምና ሥርዓት የታገዘ ሲሆን ግን ይፈቅዳል። በአንቀጽ 19 ደግሞ አካሉን ለመስጠት ቃል የገባ ሰው ቃሉን በማናቸውም ጊዜ ሊያጥፍ እንደሚችል ይደነግጋል። ተቀባዩ በተስፋው ምክንያት ያወጣውን ወጪ ሊጠይቅ ይችላል፤ አካሉን ግን ሊጠይቅ አይችልም።

እንግዲህ በምሳሌያችን ያለው ወጣት ለሕመምተኛው የሥጋ ዘመድ ካልሆነ የመጀመሪያው ፈተና እዚህ ላይ ይመጣል። «ወንድሙ ነው ብለን ከቀበሌ እናጽፍለት፤ ለጽድቅ ነው» የሚል ምክር ከወዳጅ ይሰማ ይሆናል። ይህን ማድረግ አይገባንም። የሐሰት ምስክርነት በመልካም ዓላማ አይቀደስም፤ ደግሞም ለዚህ ወጣት የተከፈተው ቀዳዳ ነገ ድኻን ለሚሸጥ ደላላ በር ይሆናል። መመሪያዎች ሊሻሻሉ ስለሚችሉ ትክክለኛው መንገድ እውነተኛውን ዝምድና ገልጾ ማዕከሉን መጠየቅ ነው።

ሰጪው የሚከፍለው ዋጋ

በሚገባ ተመርምሮ ኩላሊት የሰጠ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ሕይወት ይኖራል። የቀረችው ኩላሊት ትሰፋለች፤ ከጊዜ በኋላም ሁለቱ ይሠሩት ከነበረው 70 በመቶ ያህሉን ብቻዋን ትሠራለች። ሰጪው ጥቂት ቀናት በሆስፒታል ይቆያል፤ ለ6 ሳምንት ያህል ከባድ ሸክም አያነሣም። ለገበሬ ይህ ማለት እርሻ፣ አጨዳና ውቂያ የለም ማለት ነው።

አደጋው ትንሽ ቢሆንም እንደሌለ አድርጎ መናገር ስሕተት ነው። በአሜሪካ በተደረጉ ሰፊ ጥናቶች ከ10,000 ሰጪዎች 3 ያህሉ ከቀዶ ጥገናው በኋላ በ90 ቀናት ውስጥ ሞተዋል። በዕድሜ ዘመን የራስ ኩላሊት የመድከም ዕድሉም ከ10,000 ሰጪዎች 90 ያህል፣ ከ10,000 ተመጣጣኝ ጤነኞች ደግሞ 14 ያህል ሆኖ ተገምቷል። ወጣት ሰጪ ገና ብዙ ዘመን የሚኖር ስለሆነ የስኳርና የደም ግፊት ሕመም ወደፊት ያገኘው እንደ ሆነ ዛሬ በሙሉ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ዕድሜ ልኩን በዓመት አንድ ጊዜ የደም፣ የሽንትና የግፊት ምርመራ ያስፈልገዋል።

ከውትድርና ለተመለሰ ሰው ምርመራው ተጨማሪ ጥያቄዎችን ይይዛል። ሆዱ ወይም ጀርባው ላይ ቆስሎ ነበርን? ደም ተሰጥቶት ከነበረ በደም ለሚተላለፉ በሽታዎች ተመርምሯልን? ለቁስል ሕመም ማስታገሻ ለረጅም ጊዜ ወስዷልን? ከሁሉ በላይ ግን እንቅልፉ፣ ቅዠቱና ኀዘኑ እንዴት ነው? ጓደኛው ከጎኑ ወድቆ እርሱ የተረፈ ወጣት «ለምን እኔ ተረፍሁ?» የሚል ጥያቄ ተሸክሞ ሊመለስ ይችላል። ወይም በጭንቅ ሰዓት «ከዚህ ብወጣ» ብሎ የተሳለው ስለት ይኖረዋል። እንዲህ ያለው ልብ ኩላሊቱን የሚሰጠው ወንድሙን ወድዶ ነው ወይስ የሌለበትን ዕዳ ሊከፍል ሽቶ ነው? ሁለቱ በአንድ ልብ ውስጥ አብረው ሊኖሩም ይችላሉ፤ ስለዚህ ወጣቱ ጊዜና በርኅራኄ የሚሰማው ሰው ያስፈልገዋል። መጽሐፈ መክብብ በእግዚአብሔር ፊት ቃል ለመናገር እንዳንቸኩል ይመክራል (መክ. 5፥2)። በጭንቅ የወጣ ስለት ለንስሐ አባት ይነገራል እንጂ በቀዶ ጥገና አልጋ ላይ አይፈታም።

ቅዱሳት መጻሕፍት የሚያስተምሩን

ቅዱስ ጳውሎስ የገላትያ ምእመናን ቢቻላቸው ዓይናቸውን እንኳ አውጥተው ሊሰጡት ፈቃደኞች እንደ ነበሩ ይመሰክርላቸዋል (ገላ. 4፥15)። የሚገርመው ሐዋርያው ፍቅራቸውን ማመስገኑ፣ ዓይናቸውን ግን አለመጠየቁ ነው። ለቆሮንቶስ ሰዎችም ስጦታ በኀዘን ወይም በግድ ሳይሆን በልብ እንደ ታሰበ እንዲሆን ይጽፋል (2ኛ ቆሮ. 9፥7)። ለፊልሞና ሲጽፍ የማዘዝ ሥልጣን እያለው በጎነቱ ከፈቃድ እንጂ ከግዴታ እንዳይሆን ይጠነቀቃል (ፊል. 14)። ቅዱስ ጴጥሮስም ሐናንያን የወቀሰው ስለ ዋሸ ነው፤ መሬቱ ሳይሸጥ የራሱ እንደ ነበረ፣ ከተሸጠም በኋላ በሥልጣኑ እንደ ነበረ አስታውሶታል (ሐዋ. 5፥4)። በመሬት ላይ ይህ ነጻነት ከተጠበቀ በአካል ላይማ እንዴት አብልጦ አይጠበቅ!

መጥምቁ ዮሐንስ ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው እንዲያካፍል አስተምሯል (ሉቃ. 3፥11)። ሁለት ኩላሊት ያለው ሰው ይህን ቃል ሲሰማ ልቡ ቢነካ መልካም ነው። ልዩነቱን ግን አንርሳ፤ ልብስ በሌላ ልብስ ይተካል፣ ኩላሊት አይተካም። ስለዚህ የቀረውን መጠበቅ የስጦታው ክፍል ነው።

በላሊበላ በየዓመቱ የልደት በዓል በቤተ ማርያም ቅጥር ካህናቱ «ቤዛ ኵሉ» ሲያሸበሽቡ እንሰማለን። ለሁሉ ቤዛ የሆነው አንዱ ክርስቶስ ነው። ኩላሊት የሚሰጥ ወጣት ቤዛ አይደለም፤ መሥዋዕት እንዲሆንም ማንም ሊሻ አይገባም። ካለው ሁለት አንዱን ሰጥቶ በሕይወት ሊኖር፣ ሊያገባ፣ ሊያርስና ሊያረጅ የሚገባው ወንድም ነው። የስጦታው ክብር በመሞቱ ሳይሆን ሁለቱም በሕይወት ሳሉ በአንድ ቅዳሴ ላይ አብረው በመቆማቸው ነው።

የማኅበረ ምእመናን ድርሻ

እንግዲህ በጽዋው ዕለት ለተነሣው ወጣት ምን እንላለን? ከዚህ በታች ያለውን ለሰበካ ጉባኤያት፣ ለሰንበት ትምህርት ቤቶችና ለማኅበራት እናቀርባለን።

1. እልልታውን እናዘግይ። ገና ያልተመረመረን ሰው በዐውደ ምሕረት ካመሰገንን፣ ነገ «አልችልም» ማለት እንደ ክህደት ይቆጠርበታል። ነገሩ በወጣቱ፣ በንስሐ አባቱና በሐኪሙ ዘንድ ይቆይ።

2. የመመለሻ በሩን ክፍት እናድርግ። በንቅለ ተከላ ማዕከሎች ዘንድ የታወቀ ልማድ አለ፤ ሰጪው በምስጢር ሐሳቡን ቢለውጥ ሐኪሞቹ ለቤተሰቡ ለመስጠት ብቁ አለመሆኑን ብቻ ይነግራሉ። የንስሐ አባትም ምስጢሩን ጠብቆ «ቢቀርብህ ኃጢአት የለብህም» ሊለው ይገባል። ይህን ሰምቶ ከጸና ስጦታው የታመነ ነው።

3. ሕመምተኛውና ቤተሰቡ አይለምኑት። እንደ ሪቻርድ ሄሪክ «ተመለስ» ለማለት የሚያስችል ጸጋ ቢያገኙ መልካም ነው። ከስጦታው በኋላም ውለታውን በመሬት፣ በከብት ወይም በጋብቻ ለመክፈል መሞከር ስጦታውን ወደ ሽያጭ ያዞረዋል።

4. ሸክሙን እንካፈል። ሰጪው ለ6 ሳምንት ከእርሻ ሲርቅ ማሳው በደቦ ይታረስ፤ የአዲስ አበባ መሳፈሪያው፣ ማረፊያውና የአስታማሚው ስንቅ ከማኅበሩ ይውጣ። ወጪን መሸፈን ኩላሊት መግዛት አይደለም፤ ሰጪው በመስጠቱ እንዳይደኸይ መጠበቅ ነው። ቀጠሮውም ከተቻለ ከእርሻና ከአጨዳ ወቅት ውጭ ይሁን።

5. ወጣቱ መስጠት ባይፈቀድለት ፍቅሩ እንዳይባክን እናድርግ። ብዙ ጊዜ ሊሰጥ የሚችል የሥጋ ወንድም ወይም እኅት አለ፤ የሚያስፈራቸው ግን ማን ያርስልኛል፣ ልጆቼን ማን ያይልኛል የሚለው ነው። ኩላሊቱን ሊሰጥ የተነሣው ወጣት የሰጪውን ማሳ ለአንድ ክረምት ቢያርስ፣ ያ ስጦታ እንዲፈጸም ያደርጋል። ሁሉም የአንድ አካል ብልቶች ናቸውና (1ኛ ቆሮ. 12)።

6. ከንቅለ ተከላው በኋላ አንርሳቸው። ደጉ ሳምራዊ ቁስለኛውን በእንግዶች ማደሪያ ትቶ ብቻ አልሄደም፤ ሲመለስ የጎደለውን ሊከፍል ቃል ገብቷል (ሉቃ. 10፥35)። ተቀባዩ መድኃኒቱን አንድ ቀን እንኳ እንዳያቋርጥ፣ ሰጪውም የዓመት ምርመራውን እንዳይረሳ ማኅበሩ ያስታውሳቸው። ጠበል ለመጠመቅ የሚሄድ ተቀባይ መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ፤ ጾሙንም የንስሐ አባቱ ከሐኪሙ ምክር ጋር አስማምተው ይወስኑለት።

መደምደሚያ

የተወደዳችሁ፤ ስጦታ ስጦታ የሚሆነው ሰጪው «አልሰጥም» ማለት በሚችልበት ቦታ ነው። በየደብሩ ከሠራዊት ቤት የተመለሱ ወጣቶች አሉ። እነዚህ ልጆች ስለ ሌላው ሕይወት አካላቸውን አሳልፈው መስጠትን አስቀድመው ተምረዋል፤ አሁን ከእኛ የሚሹት ሰውነታቸው ለእኛም ክቡር መሆኑን ማየት ነው። አንዱ ተነሥቶ «እሰጣለሁ» ባለ ጊዜ የመጀመሪያው መልሳችን «ልጄ፣ አንተስ እንዴት ነህ?» የሚል ይሁን። ከዚያም ልብንና ኩላሊትን የሚመረምር አምላክ በፈቀደው መንገድ፣ ሰጪውም ተቀባዩም እንዲኖሩ እንድከም።

ለቡድን ውይይት

1. በአጥቢያችን ሰው በጉባኤ ፊት የገባውን ቃል ሳያፍር ሊመልስ የሚችልበት መንገድ አለን?

2. ከውትድርና የተመለሱ ወጣቶቻችንን ስለ እንቅልፋቸውና ስለ ኀዘናቸው የሚጠይቃቸው ማን ነው?

3. ከአጥቢያችን አንድ ሰው ለኩላሊት ሕክምና አዲስ አበባ ቢሄድ ማሳውን፣ ልጆቹንና ስንቁን የሚይዙት እነማን ናቸው? ስማቸውን ዛሬውኑ ለመመዝገብ እንችላለን?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።